ሰፊ ጎማ

አውሮፕላን ሲባል የሰው ዓይን ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ድምፁን የሰማ ሕፃን ልጅ እንኳ ቀና ይላል እንጂ ወደ መሬት አያይም። እኛም እንደዚያው ነበርን። ከአገር የወጣን ቀን በመስኮት አሻግረን ያየነው ክንፉን ነው፤ እዚህ ከመጣን በኋላም የተማርነው ስለ ክንፍ፣ የተፈተንነውም ስለ ክንፍ ነው። ስለ ጎማው ማንም አልጠየቀንም፤ እኛም ማንንም አልጠየቅንም። እንግዲህ ይህች ጽሑፍ ስለ ጎማ ናት።

«እኛ» ማለታችንን አንባቢ አይታዘበን። እንደ ንጉሥ መናገራችን አይደለም፤ በእርግጥም ሦስት ነን። አንዱ የጂንካ ልጅ፣ አንዱ የደሴ፣ አንዱ የአዲስ አበባ፤ ሦስታችንም የምህንድስና ተማሪዎች፣ ሦስታችንም አንድ ኩሽና ተጋሪዎች። ከዚህ በታች የሚነገረውን ጥፋት የሠራው ከመካከላችን አንዱ ቢሆንም እፍረቱን ለሦስት ስለተካፈልነው ማን ምን እንዳደረገ ለይተን አንጽፍም።

ነገሩ የሆነው ካንሳስ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024። ካንሳስ ስንዴና ማሽላ የሚበቅልባት ሜዳ አገር ናት። ዊቺታ የምትባለው ከተማዋ እነ ሴስናና እነ ቢችክራፍት የተወለዱባት ስለሆነች ሰዎቿ «የዓለም የአየር መዲና» ብለው ይጠሯታል። እኛ ግን የምናወራው ስለ ፋብሪካ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲያችን በመኪና ሃያ ደቂቃ ርቆ አንድ የሣር ማኮብኮቢያ አለ፤ ስድስት የቆርቆሮ ሃንጋር፣ አንድ የተቀዳደደ የንፋስ ማሳያ ከረጢት፣ አንድ ውሻ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድነው ለክፍል ሥራ ፎቶግራፍ ለማንሳት ነበር። አንዱ ሃንጋር ክፍት ነበርና ገባ ብለን ስናይ፣ አንድ ሽማግሌ ከአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሥር ተኝተው እግራቸው ብቻ ይታያል። «እስቲ ያንን ቁልፍ አቀብሉኝ» አሉ፤ ማን እንደሆንን እንኳ ሳይጠይቁ። አቀበልናቸው። በዚያው ቀረን።

ሽማግሌው 79 ዓመታቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ትራክተርና ኮምባይነር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። በስማቸው ብቻ እንድንጠራቸው ነገሩን። ምላሳችን እምቢ አለ። እንግሊዝኛ «አንቱ» የለውም እንጂ እኛ እኮ አለን! አያታችንን የሚያክል ሰው እንዴት ተደርጎ በስሙ ብቻ ይጠራል? ተመካከርንና «ጋሼ» አልናቸው። ትርጉሙን ስንነግራቸው ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ያለ ጋሼ ብትጠሩኝ አልሰማም» አሉ።

አውሮፕላኒቱን የሠሯት ራሳቸው ናቸው፤ በገዛ ጋራዣቸው፣ በዘጠኝ ዓመት። «ሰው በቤቱ አውሮፕላን ይሠራል ወይ?» ትሉ ይሆናል፤ እኛም ብለናል። የአሜሪካ ሕግ ይፈቅዳል። ሰውየው ለትምህርቱና ለመዝናኛው ብሎ ከሥራው የሚበዛውን ክፍል በእጁ ከሠራ፣ ተመርምሮ የመብረሪያ ወረቀት ይሰጠዋል፤ «የሃምሳ አንድ በመቶ ሕግ» የሚሉት ይህንን ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1953 ዊስኮንሲን ውስጥ በፖል ፖበሬዝኒ መሪነት ማኅበር አቋቁመዋል፤ ዛሬም በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ኦሽኮሽ በምትባል ከተማ በየአውሮፕላናቸው እየበረሩ ይሰበሰባሉ። የጋሼ አውሮፕላን ዘሯ ኪትፎክስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 አይዳሆ ውስጥ የተጀመረ ነው። አጥንቷ የብረት ቱቦ፣ ቆዳዋ ሸራ፣ ክንፎቿ እንደ ፌንጣ ወደ ኋላ የሚታጠፉ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ብቻ የምትይዝ ናት። ከነሰዋ፣ ከነነዳጇ 544 ኪሎ እንዳታልፍ ተወስኖባታል። ሁለት ጎማ ከፊቷ፣ አንዲት ትንሽ ጎማ ከጅራቷ ሥር አላት። ከጋሼ ጋር ያቆራኘን የፊቶቹ የሁለቱ ነገር ነው።

ጋሼ ታላቅ እህት አሏቸው፤ 84 ዓመታቸው ነው። ወላጆቻቸው ባቀኑት እርሻ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ በመኪና ሁለት ሰዓት፣ በአየር ግን ሃምሳ ደቂቃ። ከቤታቸው ጀርባ የከብት ግጦሽ አለ። አውሮፕላኗ ያለቀች ሰሞን ጋሼ እግጦሹ ላይ እያረፉ፣ ቡና ጠጥተው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሱ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ግን ሲያርፉ የግራ ጎማቸው ፍልፈል የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ጅራቷ ተነሣ፤ ውልብልቢቱ ሣሩን አጭዶ ጫፉ ተሰበረ። ውልብልቢት መሬት ከነካ ሞተሩም ይመረመራልና ተፈታ፣ ታየ፣ ብዙ ገንዘብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በመኪና ነው የሚሄዱት። እህታቸው ደሞ እርጅናው በርትቶባቸው እርሻውን ሸጠዋል፤ ጥቅምት ሲያልቅ ለገዢው ያስረክባሉ። «ዛሬ ዛሬ እንደ ዕቃ ሻጭ በር ታንኳኳለህ፤ ድሮ በጣሪያዬ ላይ ነበር የምትመጣው» ይሏቸዋል አሉ። ጋሼ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ መሬቱ የሰው ከመሆኑ በፊት አንድ ጊዜ ማረፍ። ይህን ሲነግሩን ወሩ ሰኔ ነበር።

መላው ትልቅ ጎማ ነው ተባለ። ልማዱ የደመቀው አላስካ ውስጥ ነው። እዚያ ያሉ አብራሪዎች በወንዝ ዳር ጠጠርና አሸዋ ላይ ስለሚያርፉ ቁመቱ 26፣ 29፣ 31፣ አልፎም 35 ኢንች የሚሆን ጎማ ያስራሉ፤ ንፋሱንም ከ10 ፒ.ኤስ.አይ በታች ያወርዱታል። አውሮፕላኖቹ ከሩቅ ሲታዩ የታላቅ ወንድሙን ጫማ ያደረገ ልጅ ይመስላሉ። እኛ ይህን ያህል አልተመኘንም። የጋሼ አውሮፕላን ጎማ ላይ «6.00-6» ተብሎ ተጽፏል፤ ስፋቱ 6 ኢንች፣ የቸርኬው ዲያሜትር 6 ኢንች ማለት ነው። በዚያው ቸርኬ ላይ «8.50-6» የሚባለው ይገባል። የድሮው ከመሬት እስከ አናቱ 44 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ አዲሱ 56 ገደማ። ቸርኬ መግዛት አያስፈልግም፤ ወረቀት ላይ ሲታይ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ወረቀት ላይ ደግሞ እኛን ማን ብሎን! ማታ ማታ በኩሽናችን ጠረጴዛ ላይ ማስላት ያዝን። ጎማ ክብደትን የሚሸከመው በንፋሱ ነው። አንዱ የፊት ጎማ 250 ኪሎ ቢሸከምና ንፋሱ 30 ፒ.ኤስ.አይ ቢሆን፣ መሬት የሚነካው የጎማው ገላ ወደ 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ የአንድ ሰው መዳፍ ማለት ነው። ንፋሱን ወደ 10 ብናወርደው 355 ይሆናል፤ የደብተር ገጽ ያህል። በመዳፍ ተደግፎ ጭቃ ላይ መቆምና በደብተር ላይ መቆም ልዩነቱ ይታያችሁ። ጉድጓዱንም አሰላነው። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ጉድጓድ ላይ የድሮው ጎማ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰምጣል፤ አዲሱ 4 ተኩል። ጠባቡን ጉድጓድ ደሞ ሰፊው ጎማ ከነአካቴው ይሻገረዋል። ውልብልቢቱም ከመሬት 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ስሌቱን በንጹሕ ወረቀት ገልብጠን ለጋሼ ወሰድንላቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና «ጥቅሙን ጽፋችኋል፤ ዕዳው የት አለ?» አሉ። ዕዳ አልጻፍንም ነበር።

ሥራው የተጀመረው ሐምሌ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ነው። አውሮፕላኗን በክሪክ አነሣናት፤ ዘንጉ ላይ ያለውን ዳዶ ፈታን፤ ኩሽኔታዎቹን በጋዝ አጠብን። የአውሮፕላኗ ቸርኬ እንደ መኪና ቸርኬ አንድ ወጥ አይደለም፤ ሁለት ግማሽ ነው፤ ሁለቱን ግማሾች የሚያያይዙት ብሎኖች ናቸው። ጎማውን ለማውጣት ብሎኖቹ ይፈታሉ፤ ሁለቱ ግማሾች ይለያያሉ፤ ጎማው በሰላም ይወጣል። በሰላም የሚወጣው ግን አስቀድሞ ንፋሱ ከተለቀቀ ነው።

ከመካከላችን አንዱ፣ ያልነው አንዱ፣ ቁልፉን ብሎኑ ላይ ጣለ። የመጀመሪያው ብሎን ላላ። ሁለተኛው ላላ። ሦስተኛው ላይ ሳለ ጋሼ ከሃንጋሩ ማዶ ጮኹ። ድምፃቸው ያን ያህል እንደሚወጣ አናውቅም ነበር። እጃችን እንዳለ ደርቆ ቀረ። መጡ፤ ቁልፉን ከእጃችን ወሰዱ፤ ተንበርክከው የላሉትን ብሎኖች መልሰው አጠበቁ፤ ከዚያ የቫልቩን ልብ አወጡ። ንፋሱ እየጮኸ ወጣ። እስኪያልቅ ድረስ ማንም አልተናገረም። ለካስ ረጅም ነው! ጨርሶ ዝም ሲል ጋሼ «ይህ ሁሉ ፊታችሁ ላይ ነበር የሚመጣው፤ ግማሹን ቸርኬ ይዞ» አሉን። ቁጣ አልነበረበትም፤ ያ ደግሞ ባሰብን።

የአዲስ አበባው ልጅ አጎት ጎሚስታ ናቸው። ልጁ እኮ ያደገው በጎማ መካከል ነው። አጎቱ ከሁለት ጣታቸው ላይ ግማሽ ግማሹ የለም፤ የከባድ መኪና ጎማ ነው የወሰደው። ሕፃን ሳለ ጣቶቹ የት እንደሄዱ ሲጠይቃቸው «ችኮላ በላቸው» ይሉት ነበር። ያን ቀን ማታ ይህን ነገረን። እያወቅን ነበር ማለት ነው። በአንድ በኩል የምናውቀውን ነገር በሌላ በኩል ዲግሪ ልንይዝበት ስንደርስ ረሳነው። የጎማ ግፊት ስንት እንደሆነ እስከ አሥርዮሽ ነጥብ አስልተናል፤ ያው ግፊት ከእጃችን ሥር እንዳለ ግን አላስታወስንም። ከእንግዲህ ወዲህ በዚያ ሃንጋር ውስጥ ማናችንም ብሎን ከመንካታችን በፊት «ንፋሱ ወጥቷል?» ብለን ጮክ ብለን እንጠይቃለን። ሌላው «ወጥቷል» ብሎ ይመልሳል። እንደ ቅዳሴ ተሰጥዖ ሆነ።

አዲሱን ጎማ መግጠም ትዕግሥት ይፈልጋል። ካላማዳሪው ከጎማው ጋር እንዳይጣበቅ የሕፃን ፓውደር ይነሰነስበታል። ጎማው ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ቀላል ጎኑን ታሳያለች፤ ካላማዳሪው ላይ ያለው ምልክት ከባድ ጎኑን፤ ሁለቱን ማገናኘት ነው። ብሎኖቹም በተርታ አይጠብቁም፤ አንዱን ካጠበቁ በኋላ ፊት ለፊቱ ያለውን፤ ያውም በሚዛን ቁልፍ። ሁሉ ካለቀ በኋላ ጋሼ ትንሽ ብሩሽ አመጡና ከጎማው ላይ ተነሥታ ቸርኬው ላይ የምታልቅ አንዲት ቀይ መስመር ቀቡ። ለጌጥ መስሎን ነበር። አይደለም። ንፋሱ ዝቅ ያለ ጎማ ፍሬን ሲያዝ ቸርኬው ላይ ሊንሸራተት ይችላል። ጎማው ሲዞር ካላማዳሪውን ይዞት ይዞራል፤ ቫልቩ ግን ቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ ስለሆነ መዞር አይችልም፤ ይቆረጣል። መስመሯ ከሁለት ከተከፈለች ጎማው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። «ከመብረሬ በፊት ዘይት አያለሁ፣ ነዳጅ አያለሁ፣ ይህችን አያለሁ» አሉ።

ከዚያ ዕዳው መምጣት ጀመረ። አውሮፕላኗን መዘንናት፤ ሁለቱ ጎማዎች 7 ኪሎ ጨምረውባታል። 7 ኪሎ ምን አላት አትበሉ፤ 544 ላይ ለታሰረች 7 ኪሎ የአሥር ሊትር ነዳጅ ዋጋ ነው። አፍንጫዋ ከፍ ስላለ ጋሼ መሬት ላይ ሲነዷት ከፊታቸው ያለው አይታያቸውም፤ እንደ እባብ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ ነው የሚሄዱት። አየር ላይም እንደ በፊቱ አትፈጥንም፤ ወፍራሙ ጎማ ንፋሱን ይገፋል።

የባሰው ግን ፍሬኑ ነው። ጋሼ ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ቆመው ፍሬን ይዘው ሞተሩን ሲያስጮሁ፣ ድሮ ቀጥ ብላ የምትቆመው አውሮፕላን ቀስ እያለች መንፏቀቅ ጀመረች። እኛ ጎን ለጎን እየተራመድን ሄድን፤ እሷም ሄደች። ነገሩ ቀላል ነው፤ ለክፍል ፈተና ቢመጣ ሦስታችንም እናገኘው ነበር። የፍሬኑ ሸራ ዲስኩን የሚይዝበት ጉልበት ያው ነው፤ ጎማው ግን ረዝሟል፤ ስለዚህ መሬቱ ጋ የሚደርሰው የመያዝ ኃይል በአንድ አምስተኛ ቀነሰ። እግሯን አስረዘምንና ጉልበቷን አሳነስነው።

ጋሼ ሞተሩን አጠፉ። «በዚህ አልሄድም» አሉ።

እኛ ተከራከርን። ግጦሹ 400 ሜትር ነው፤ እሷ የምትፈልገው ግማሹን እንኳ አይሆንም፤ ሣሩ ራሱ ይይዛታል፤ ፍሬን ለምን ያስፈልጋል? ጋሼ ሰሙንና «ፍሬን የሚያስፈልገው ባሰባችሁት ቦታ ቢሆን ኖሮ ማንም ፍሬን አይሠራም ነበር» አሉ። ጠንከር ያለ ፍሬን አዘዙ። እስኪመጣና እስኪገጠም መስከረም ገባ። እህታቸው የሚያስረክቡበት ቀን እየቀረበ ሄደ፤ እኛ ቀን ስንቆጥር ጋሼ ብሎን ይቆጥራሉ።

በዚያ ስንጠብቅ በነበረበት ጊዜ ብዙ ተጨዋወትን። አንድ ቀን «እናንተ አገር አውሮፕላን ተሠርቶ ያውቃል?» አሉን። ስለ ፀሐይ ነገርናቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ውስጥ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች፣ በ1936 ጣልያን ማርኮ የወሰዳት፣ በ2024 ጥር ወር ወደ ባለቤቷ የተመለሰች አውሮፕላን። ጋሼ በጣታቸው ቆጠሩ። «88 ዓመት» አሉ፤ «ረጅም በረራ ነው።» ሳቅን። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

መስከረም አጋማሽ ላይ በመኪና ወደ እርሻው ወሰዱን። እትዬ፣ እሳቸውንም እንዲህ ነው ያልናቸው፣ አጭር፣ ቀጭን፣ ነገር አዋቂ ሴት ናቸው። የበቆሎ ዳቦና ባቄላ አበሉን። ከዚያ አራታችን ወንዶች ግጦሹን ከዳር እስከ ዳር በእግራችን ሄድንበት፤ ጎን ለጎን ተሰልፈን፣ እንደ አረም ነቃይ። ጠረጴዛችን ላይ «ጉድጓድ» ብለን የጻፍነው ነገር እዚያ ላይ አርባ ሦስት ሆኖ አገኘነው። ግማሹ ሣር ሸፍኖታል። አንዳንዱ ክንድ ያስገባል። ስሌታችን ስፋቱን እንጂ ጥልቀቱን አላሰበም፤ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ጉድጓዶችንም አላሰበም። ሰፊው ጎማ የትኞቹን እንደሚሻገር፣ የትኞቹን እንደማይሻገር አንድ በአንድ እየለካን፣ የማይሻገራቸውን በአካፋ ሞላን፣ ረገጥን፤ ደኅናውን መንገድ በቀይ ጨርቅ ምልክት አደረግንለት። ጀርባችን ተቆረጠ። የደሴው ልጅ «መሬቱን ይህን ያህል ካስተካከልነው ትልቅ ጎማ ለምን ገዛን?» አለ። ጋሼ አካፋቸውን ተደግፈው «ለአርባ አራተኛው» አሉት።

ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ እትዬ «የእናንተ አገር መሬት እንዴት ያለ ነው?» ብለው ጠየቁ። የጂንካው ልጅ ስለ ጂንካ አወራቸው። አውሮፕላን ማረፊያው መሀል ከተማ ነበር፤ ሣር ነው፤ ከብት ይግጥበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ሁሉም ይባረራል፤ ሲሄድ ሁሉም ይመለሳል። ዛሬ ከተማዋ አስፋልት ያለው ሌላ ማረፊያ አላት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሚያዝያ ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የያዘው የዲሲ ሦስትን ዘር ነው፤ ደረቷን ቀና፣ ጅራቷን ዝቅ አድርጋ የምትቆም፣ ጎማዋ የሰው ወገብ የሚደርስ። በአገር ውስጥ ለዓመታት ሣሩን፣ ጭቃውን፣ አቧራውን የረገጠችው እሷ ናት። እትዬ ሰምተው ሲያበቁ «ታዲያ ስትጨርሱ ትመለሳላችሁ?» አሉ።

ማንም አልመለሰም። በረንዳው ላይ ፌንጣ ብቻ ነው የሚሰማው።

ስንመለስ በመኪና ውስጥ ያሰብነውን እንናገር። እኛ እዚህ የምንማረው በአስፋልት ላይ ነው። መብራት አይጠፋም፣ ላቦራቶሪው ሙሉ ነው፣ የጎደለ ብሎን በሦስት ቀን ይመጣል። በዚህ ላይ ፍጥነት ለምደናል። አንድ ቀን የምናርፍበት መሬት ግን አስፋልት አይደለም። ብዙ ሰው ሲያርፍ አፍንጫውን ሲሰብር አይተናል፤ በዕረፍት ሄዶ በሁለት ሳምንቱ «አገሩ አልመቸኝም» ብሎ የተመለሰ፣ ጥፋቱን ሁሉ በጉድጓዱ ላይ ያደረገ። ጉድጓዱ እውነት አለ፤ አንዋሽም። ግን የገጠምነው ጎማ ለየትኛው መሬት ነው ብለን ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን? ደግሞ በተቃራኒው «ሰፋ ያለ ሆድ ይዞ መሄድ ነው፤ ሁሉን መቻል ነው» የሚል አለ። እሱም ግማሽ ነገር ነው። ሰፊ ጎማ ያለ ፍሬን ምን እንደሆነ አይተናል። ያለ አካፋም ምን እንደሆነ አይተናል።

ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ ጋሼ ተነሡ። ከዚያ በፊት አዲሱን ፍሬንና ጎማ ለመልመድ አምስት ሰዓት ብቻቸውን በረዋል፤ ያን ቀንም ሰው አላሳፈሩም። እኛ ሌሊት በመኪና ቀድመን ሄደን ግጦሹ ዳር ቆመናል። እትዬ ካፖርታቸውን ደርበው ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ድምፁ ተሰማ። እትዬም እኛም ቀና አልን። አውሮፕላኗ መጀመሪያ በጣሪያው ላይ አለፈች፤ ዝቅ ብላ። እትዬ ምንም አልተናገሩም፤ እጃቸውን ግን ከካፖርቱ ኪስ አወጡ።

ዞረው መጡ። ጎማዎቹ ቀይ ጨርቆቹ መሀል ነኩ። ወዲያው ነጠረች! ንፋሱ ዝቅ ያለ ጎማ እንደ ኳስ ነው፤ የተቀበለውን ይመልሳል። አንዴ ነጠረች፤ ሁለተኛ ነጠረች፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከፍ አለ። በልባችን «ያዝ፣ ያዝ» እንላለን። ጋሼ ግን አልታገሏትም። ነዳጅ ሰጡ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ ተነሥተው ሄዱ። ግጦሹ ባዶ ቀረ። እትዬ «ሄደ እንዴ?» አሉ፤ እንደ ልጅ። «ይመለሳሉ፤ እየዞሩ ነው» አልናቸው፤ እኛም እርግጠኛ ሳንሆን።

ተመለሱ። በዚህኛው ዝግ ብለው፣ ጅራቷን ዝቅ አድርገው፣ ሦስቱንም ጎማ አንድ ላይ አስቀመጧት። ሣሩ ውጦ ያዛት። ወደ እኛ ስትመጣ ከጎማዎቹ ሥር ፌንጣዎች ግራና ቀኝ ይዘሉ ነበር። ሞተሩ ጠፋ። እትዬ ተነሥተው በዝግታ ሄዱ፤ ወንድማቸውን አልፈው ጎማው ጋ ደረሱ፤ በመዳፋቸው ነኩት፣ ጫን አሉት። «ወፍራም ነው» አሉ። ከዚያ «ቡናው ይቀዘቅዛል» ብለው ወደ ቤት ተመለሱ።

ጋሼ አልተከተሏቸውም። ጎማው ሥር ተንበረከኩና በአውራ ጣታቸው ጭቃውን ጠረጉ። እኛም ጎንበስ አልን። ቀይዋ መስመር እንዳለች ናት፤ አልተከፈለችም። የቀኙንም አየን፤ እሱም ያው ነው። ያኔ ነው ቀና ብለው ግጦሹን፣ ቤቱን፣ የድሮውን ጎተራ ያዩት። ብዙ ቆዩ። እኛም ዝም ብለን አብረናቸው ቆምን፤ ቡናው እየቀዘቀዘ።

እርሻው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለገዢው ተላለፈ። እትዬ ዛሬ ያሉት ከጋሼ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ጋሼ ጎማውን አልቀየሩም፤ «ለሌላ ግጦሽ» ይላሉ። እኛም ያንን የበረንዳውን ጥያቄ ገና አልመለስነውም። በየቅዳሜው ስንሄድ ግን፣ ማንም ሳያዘን፣ መጀመሪያ የምናየው ቀይዋን መስመር ነው።